የጠፍር አልጋ አሠራር፦ ከእርጥብ ቆዳ እስከ መኝታ

ባለፈው የገና ማግስት ጠዋት የሰፈራችን ሰዎች ለቅርጫ ያረዱት በሬ ቆዳ ቦይ ዳር ተጥሎ አየሁ። ገዢ ስለጠፋ ነው የተጣለው። የገፈፈው ሰው እጁ የረጋ ኖሮ ቆዳው አንድም ቦታ አልተበሳም። ከልጄ ጋር ተጋግዘን ወደ ቤት ወሰድነው፤ በጥር መጨረሻ እንግዳ የሚያድርበት የጠፍር አልጋ ሆነ።

ቆዳ እንዲህ ሲጣል ማየት ያንገበግበኛል። አያቶቻችን ከበሬ ቆዳ መጫኛውን፣ ምራኑን፣ ቁርበቱንና አልጋውን ያወጡ ነበር፤ ዛሬ ሥጋውን ተካፍለን ቆዳውን ለውሻ እንተዋለን። ስለዚህ ከአባቴ ያየሁትንና በኋላም በራሴ እጅ ደጋግሜ የሠራሁትን፣ ሌላው ሰው አንብቦ እንዲሠራበት አድርጌ ልጽፈው ወሰንኩ።

የጠፍር አልጋን አይተው የማያውቁ ወጣቶች ስላሉ ባጭሩ ልግለጸው። አራት እግር፣ ሁለት ረጅምና ሁለት አጭር አግዳሚ ያለው የእንጨት ማዕቀፍ ነው። አግዳሚዎቹ በተርታ ይበሳሉ። ከእርጥብ የከብት ቆዳ የተቀደደው ጠፍር በቀዳዳዎቹ እየገባና እየወጣ፣ ከራስጌ ወደ ግርጌና ከጎን ወደ ጎን እንደ ሰሌን ይጠላለፋል። ሚስማር የለውም። ሲተኙበት ረገብ ብሎ ገላን ይቀበላል፣ ከሥር አየር ያስገባል፣ የመሬቱን ብርድ ያርቃል። በገጠር ሰው ሲታመም ጎረምሶች ይህንኑ አልጋ በትከሻቸው ተሸክመው በሽተኛውን ጤና ጣቢያ ያደርሱበታል። ዙፋንም በቋንቋችን አልጋ ይባል ነበር፤ «አልጋ ወራሽ» የሚለው ማዕረግ ከዚያ የመጣ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙልኝ። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የሚኮማተርበት ኃይልም ከሰው ጉልበት ይበልጣል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ልክ፣ ውፍረትና ጥንቃቄ ሁሉ ለዚያ ኃይል መዘጋጃ ነው። አባቴ «አንተ ልብ ብለህ ጥፈር፤ መወጠሩን ለነፋሱ ተውለት» ይለኝ ነበር። እኔ ግን በመጀመሪያ አልጋዬ አልሰማሁትም። ጠፍሩን በእንጨት እየጠመዘዝኩ እስኪጮህ ድረስ ወጠርኩትና ፀሐይ ላይ አቆምኩት። በሦስተኛው ሌሊት ግንድ የተሰበረ የሚመስል ድምፅ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ስወጣ አንዱ ረጅም አግዳሚ ወደ ውስጥ ጎብጦ፣ ከእግሩ ጋር የተያያዘበት ምላስ ለሁለት ተሰንጥቋል። የአንድ ወር ድካም በአንድ ሌሊት ገደል ገባ።

ጊዜው

በክረምት አትጀምሩ። ቆዳው ሳይደርቅ ይበሰብሳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ነፋስ ለዚህ ሥራ የተሰጠ ነው፤ ገና ደግሞ ቆዳውንም ነፋሱንም አንድ ላይ ያመጣል። በልግ የማይዘንብበት አካባቢ ያላችሁ ፋሲካንም መጠቀም ትችላላችሁ።

ማዕቀፉ

መጀመሪያ እንጨቱ ተሠርቶ ያልቃል፣ ከዚያ ቆዳው ይነከራል። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ቆዳው ማዕቀፍ እየጠበቀ ይሸታል።

ከእንጨት ሁሉ ወይራ ይበልጣል፤ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ቀጥ ያለ ማግኘት ያስቸግራል። የበሰለ ባሕር ዛፍ ለአብዛኞቻችን ቅርብ ነው። በጥላ ቢያንስ ስድስት ወር የደረቀ ይሁን፤ ባሕር ዛፍ በእርጥቡ ከተሠራ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ዋንዛና ጥድ ለዓይንም ለእጅም ደስ ይላሉ፤ ሆኖም ከደን መቁረጣቸው የተከለከለ ስለሆነ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ምሰሶ ፈልጉ። እኔ ካገኘኋቸው እንጨቶች ሁሉ ምርጡ፣ ጭስ ለረጅም ዘመን የጠጣ የጥድ ምሰሶ ነበር።

የውስጥ ስፋቱ 180 በ100 ሴንቲ ሜትር የሆነ አልጋ እንሥራ። ረጅም ሰው ቤት ውስጥ ካለ 180ውን ወደ 200 ከፍ አድርጉት። የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦

— አራት እግሮች፤ ውፍረታቸው 10 በ10፣ ቁመታቸው 60 ሴንቲ ሜትር
— ሁለት ረጅም አግዳሚዎች፤ ርዝመታቸው 196 ሴንቲ ሜትር
— ሁለት አጭር አግዳሚዎች፤ ርዝመታቸው 116 ሴንቲ ሜትር
— የአግዳሚዎቹ ውፍረት ሁሉም 8 በ8 ሴንቲ ሜትር

ከዚህ የቀጠነ አግዳሚ አትጠቀሙ። ሰው ለመሸከም ቀጭኑም ይበቃል፤ የሚደርቀውን ቆዳ ግን አይችለውም።

ከየአግዳሚው ጫፍ 8 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ምላስ በመጋዝና በመሮ አውጡ፤ በእግሩ ላይም ልኩን ቀዳዳ ፈልፍሉለት። ሁለት ምላሶች አንድ እግር ውስጥ ስለሚገናኙ እንዳይጋጩ፣ የረጅሙን አግዳሚ ምላስ ከታችኛው ግማሽ፣ የአጭሩን ከላይኛው ግማሽ አውጡ። እንዲህ ሲሆን አግዳሚዎቹ በአንድ ከፍታ ይቀመጣሉ፣ ምላሶቹም አንዱ በአንዱ ላይ ያልፋሉ። ምላሱ በመዶሻ እየተመታ የሚገባ ይሁን፤ በእጅ ተገፍቶ የሚገባ ከሆነ ላልቷል።

አሁን ቀዳዳዎቹ። በአጭሩ አግዳሚ ላይ 16፣ በረጅሙ ላይ 29፣ ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል 6 ሴንቲ ሜትር እየተለካ ይበሳል። በአራቱም ላይ 90 ቀዳዳ ማለት ነው። የቀዳዳው ስፋት 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ድሮ የሚበሳው በእሳት በጋለ ብረት ነበር፤ ዛሬ በመሰርሰሪያ መብሳት ይቀላል። የጋለውን ብረት ግን ጨርሳችሁ አትተዉት። በመሰርሰሪያ ከተበሳ በኋላ የጋለ ብረት አስገብታችሁ አንድ ጊዜ ብታዞሩት የቀዳዳው አፍ ጠርዝ ይጠፋለታል፣ ይለሰልሳል። ስለታም ጠርዝ ጠፍርን ቀስ በቀስ እንደ ቢላዋ ይቆርጠዋል። አልጋዎች በአብዛኛው የሚበጠሱት እዚያ ነው።

ቆዳው

የበሬ ቆዳ ውሰዱ፤ ከላም ቆዳ ይወፍራል። በቢላዋ ያልተበሳ፣ መዥገርና የመተኮሻ ጠባሳ ያልበዛበት ይሁን። ገና ሲገፈፍ እዚያው ቁማችሁ ገፋፊውን «ጋሼ፣ ቆዳውን ለጠፍር ነው የምፈልገው፣ እባክዎ በቡጢ እየገፉ ይግፈፉልኝ» ብትሉት ያውቀዋል። ቢላዋ የነካው ቦታ ሁሉ ነገ የሚበጠስ ጠፍር ነው።

በሽታ የገደለውን ወይም ምክንያቱ ሳይታወቅ የሞተን ከብት ቆዳ በፍጹም አትንኩ። የአባሰንጋ ተህዋስ ቆዳና ፀጉር ላይ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ በጭረት በኩል ወይም በትንፋሽ ወደ ሰው ይገባል። በዚህ ጉዳይ ቸልታ አይገባም። ከየት እንደመጣ የማታውቁትን ቆዳ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የምትሠሩት ከሆነ ጨው አያስፈልግም። መቆየት ካለበት ሥጋ በነበረበት በኩል ከ4 እስከ 5 ኪሎ ጨው ነስንሳችሁ፣ አጥፋችሁ በጥላ አኑሩት። ጨው የገባበትን ቆዳ ሁለት ቀን በውሃ ዘፍዝፉ፤ ውሃውንም ሦስት አራት ጊዜ ቀይሩ። ጨው የቀረበት ጠፍር ዝናብ በመጣ ቁጥር እርጥበት እየሳበ ይላላል። ሰው ከሚጠጣው ምንጭ ግን አትዘፍዝፉት።

ቀጥሎ መሬት ላይ በካስማ ወጥሩት፤ የሥጋው ወገን ወደ ላይ ይሁን። ካስማዎቹን ከዳር ዳሩ በአንድ ስንዝር ርቀት ትከሉ፤ መጀመሪያ ከአንገት ወደ ጭራ፣ ከዚያ ከጎን ወደ ጎን። የቀረውን ስብና ስስ ሽፋን በደነዘ ቢላዋ ፋቁት። ስለት ያለው ቢላዋ እዚህ ጠላት ነው። ስብ የቀረበት ቦታ አይደርቅም፣ ይከረፋል፣ ትል ይጠራል።

ፀጉሩን ለማንሣት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቆዳውን በአመድ ውሃ ውስጥ ፀጉሩ በአውራ ጣት ሲገፋ እስኪነሣ ድረስ መዘፍዘፍ ነው። ሌላው ቆዳው ገልበጥ ተደርጎ እንደተወጠረ ጠፈፍ ሲል በተሳለ ካራ መላጨት ነው። እኔ መላጨቱን እመርጣለሁ፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ወገብም ያማል፣ ነገር ግን አመዱ በደንብ ካልታጠበ ቆዳውን ያደክመዋል። ፀጉሩን እንዳለ የሚተዉም አሉ። አትተዉት፤ ቁንጫ ይደበቅበታል።

ማታ ማታ ቆዳውን ነቅላችሁ ወደ ቤት አስገቡት። ጅብ ባለበት አገር ይህን መንገር የሚያስፈልገው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጠፍር አወጣጥ

ቆዳው ውሃው ተንጠፍጥፎ፣ ነገር ግን እንደ ወፍራም ጨርቅ የሚታጠፍ ሲሆን መቅደድ ትጀምራላችሁ። በጣም ከራሰ ከቢላዋው ሥር ያዳልጣል፤ ከደረቀ አይቆረጥም።

መጀመሪያ ቅርጹን አስተካክሉ። የእግሩን፣ የአንገቱንና የሆዱን ስስ ጠርዝ ቆርጣችሁ ጣሉ፤ የሻኛው ቦታ ከተሸበሸበም አውጡት። የቀረው ማእዘን የሌለው፣ እንደ እንቁላል የሞለለ ይሁን። ማእዘን ከተተወ ጠፍሩ እዚያ ቦታ ይጎብጣል፣ ሲሳብም አይቃናም።

ከዚያ ከዳር ጀምራችሁ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞራችሁ ወደ መሐል ቅደዱ። ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሁን። ይህ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው፤ አንዱ የተቀደደውን ጫፍ ይዞ ወደ ራሱ በቀስታ ይስባል፣ ሌላው ይቀዳል። አባቴ የሚለካው በእጁ ነበር። ካራውን በቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣትና በአውራ ጣቱ መካከል ይይዝና፣ የአውራ ጣቱን ጥፍር የቆዳው ጠርዝ ላይ ያስደግፋል። ጥፍሩ በጠርዙ ላይ ሲንሸራተት ስለቱ ሁልጊዜ ከጠርዙ እኩል ርቆ ይሄዳል። እጁ እንጂ ዓይኑ አይለካም ነበር፤ እያወራን ይቀዳል፣ ጠፍሩም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለ እጅ እስክታገኙ ድረስ ካራውን ግንድ ላይ አቁማችሁ ትከሉ፤ ከስለቱ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ሚስማር ምቱ፤ ቆዳውን በሁለቱ መካከል ሳቡት። ካራውን በየ10 ሜትሩ በሞረድ ሳሉ።

ከተስተካከለ በኋላ 2 ሜትር ካሬ የሚተርፈው ቆዳ 80 ሜትር ያህል ጠፍር ይወጣዋል። ለዚህ አልጋ ከ70 እስከ 75 ሜትር ይበቃል፤ ቀሪው ለጥገና ይቀመጣል። ከውጭ የመጣው የመጀመሪያው ጠፍር ከሆድ በኩል ስለሆነ ይሳሳል፣ ይለጠጣልም። ከመሐል የወጣው የጀርባው ነው፤ ወፍራምና ጽኑ ነው። ሁለቱን ለይታችሁ ጠቅልሉ፤ ለየብቻ ሥራ አላቸው።

አሁን ጠፍሩን ከ8 እስከ 10 ሜትር እያደረጋችሁ ቁረጡት፤ ከዚያ የረዘመ በ90 ቀዳዳ አይሾልክም። እያንዳንዱን ከዛፍ ጋር አስራችሁ በሰውነታችሁ ክብደት ሳቡት። አንድ ጊዜ ከተሳበ ልጠጣውን ጨርሶ ይመጣል።

መጠፈር

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። መጠፈር ከተጀመረ በአንድ ቀን ማለቅ አለበት። ያልደረሰበትን ጠፍር በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ አቆዩ።

መጀመሪያ ከራስጌ ወደ ግርጌ የሚሄደውን ትዘረጋላችሁ። ለዚህ የሆዱን ጠፍር ተጠቀሙ። የጀርባው ጠፍር ከጎን ወደ ጎን ለሚሄደው ይቀመጥ፤ አጭሩ ስለሆነ የተኛውን ሰው ክብደት ይበልጡን የሚሸከመው እርሱ ነው።

የጠፍሩን ጫፍ ከራስጌው አግዳሚ የመጀመሪያ ቀዳዳ ከውስጥ ወደ ውጭ አሳልፉ። ከጫፉ ሦስት ጣት ያህል ገባ ብላችሁ በካራ ርዝመቱን ተከትላችሁ ሰንጥቁና ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ በስንጥቁ አስገብታችሁ ከቀዳዳው ውጭ አስደግፉት። ያ ሽብልቅ ቋጠሮ ማለት ነው። ሌላውን ጫፍ ወደ ግርጌው ስባችሁ በትይዩ ቀዳዳ አውጡ፣ በውጭ በኩል ወደሚቀጥለው ቀዳዳ አዙሩ፣ አስገቡ፣ ወደ ራስጌ መልሱ። እንዲህ እያላችሁ 16ቱን ጨርሱ። ጠፍሩ ቀዳዳ ውስጥ ሲያልፍ ርዝመቱን ተከትሎ ለሁለት ይታጠፍ፤ እንዳይጠማዘዝ ግን ተጠንቀቁ። የተጠማዘዘ ጠፍር ከደረቀ ጎን ይወጋል።

ጠፍር ሲያልቅ አትቋጥሩት። የአሮጌውን ጫፍና የአዲሱን ጫፍ ሁለቱንም ሰንጥቁ። የአዲሱን ስንጥቅ ያለበትን ጫፍ በአሮጌው ስንጥቅ አሳልፉ፤ ከዚያ የአዲሱን ሌላኛ ጭራ በራሱ ስንጥቅ ውስጥ አስገብታችሁ እስከ መጨረሻው ሳቡ። ሁለቱ ይቆላለፋሉ፤ በሳባችሁት ቁጥር ይጠብቃሉ። መገናኛው በውጭው ወይም በዳር በኩል እንዲውል አድርጉ፤ የተኛ ሰው ወገብ ሥር እንዳይመጣ።

ምን ያህል ይወጠር? በእጅ ሳብ፣ ከዚያ አቁም። መሐሉን በጣት ስትጫኑት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ማለት አለበት። አሁን የላላ ይመስላችኋል፤ እኔም እንዲያ መስሎኝ ነው የመጀመሪያውን አልጋ ያጣሁት።

ከጎን ወደ ጎን የሚሄደው ሰሌን እንደመሥራት ነው፤ አንዱን ከላይ፣ ቀጣዩን ከሥር። በሚቀጥለው መሥመር በተቃራኒው፤ ከላይ የነበረው ከሥር። ከግርጌ ጀምራችሁ 29ኙን ወደ ራስጌ ውጡ። እያንዳንዱን መሥመር ካለፋችሁ በኋላ በእጃችሁ መዳፍ እየገፋችሁ ከቀዳዳው ትይዩ አድርሱት። የመጨረሻዎቹ አራት አምስት መሥመሮች ጠብቀው እጅ አያስገቡም፤ ቀጭን ጠፍጣፋ እንጨት በመካከላቸው አስገብታችሁ ቀና ካደረጋችሁት በኋላ፣ ጫፉ የቆለመመ ሽቦ አሾልካችሁ ጠፍሩን ያዙና ሳቡት። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያልቃል። ቡና አስፈልቱና ዕረፉ እንጂ መሥመር አትዝለሉ፤ የተዘለለች አንዲት መሥመር አልጋው ሲደርቅ እንደ ቀዳዳ ትታያለች።

ማድረቅ

ከመድረቁ በፊት ሁለት ድጋፍ እንጨት ቁረጡ፤ ርዝመታቸው ልክ 100 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በጠፍሩ ሥር፣ ከረጅሙ አግዳሚ ወደ ረጅሙ አግዳሚ ተጭነው ይግቡ፤ አንዱ ከመሐል ወደ ራስጌ፣ ሌላው ከመሐል ወደ ግርጌ። አግዳሚዎቹ እንዳይጎብጡ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው።

አልጋውን ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ አቁሙት። በደረቅ ወቅት ከ5 እስከ 7 ቀን ይበቃዋል። ፀሐይ ላይ ከዋለ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ጠፍሩም ይሰነጠቃል። በሁለተኛው ቀን ነጣ ማለት ይጀምራል፤ በአራተኛው ቀን ገደማ መልኩ እንደ ማር ቢጫ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል። በጥፍር ስታንኳኩት እንደ ከበሮ የሚያስተጋባ ድምፅ ከሰጠ ደርቋል። ድፍን ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ካለ እዚያ ገና ነው። ሁሉም እስኪደርቅ ድጋፉን አታውጡ፣ ማንም አይቀመጥበት፣ ልጆችም አይዝለሉበት።

ከደረቀ በኋላ ድጋፎቹን በመዶሻ መትታችሁ አውጡ። የቀለጠ ሞራ በጨርቅ ነክራችሁ ጠፍሩን ከላይም ከሥርም በስሱ አብሱት። ከመድረቁ በፊት ሞራ አትቀቡ፤ ውሃው እንዳይወጣ ይዘጋበታል። ከዚያ ሰሌን፣ በሰሌኑ ላይ ጀንዲ ወይም ፍራሽ አንጥፉ። ብርድ አገር ከሆነ የመንዝ ባና ደርቡበት።

አያያዝና ጥገና

በክረምት አልጋው ትንሽ ይላላል፣ በበጋ መልሶ ይጠብቃል፤ ጠባዩ ነው። ውሃ አትድፉበት። በተለይ ትኋን ገባ ብላችሁ የፈላ ውሃ እንዳታፈሱበት፤ ጥሬ ቆዳ በፈላ ውሃ ይቀቀላል፣ ይለጠልጣል፣ ከዚያ በኋላ አይመለስም። ትኋን የሚደበቀው በእንጨቱ ስንጥቅና በቀዳዳዎቹ ውስጥ ነው። ፍራሹን አንሥታችሁ አልጋውን ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጡት፣ ቀዳዳዎቹን በቀጭን እንጨት ጠርጉ፣ በስንጥቁም ሰም አቅልጣችሁ ድፈኑ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነና አንድ ሙሉ ቆዳ ማበላሸት ከፈራችሁ፣ በፍየል ቆዳ በርጩማ ጥፈሩ። ጠፍሩን በ1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ቅደዱት። አጠፋፈሩ አንድ ነው፤ ስህተቱም በርካሽ ያስተምራል። በናይሎን ገመድ ወይም ከመኪና ጎማ በተቀደደ ላስቲክ የሚጠፍሩም አሉ። ይሠራል፤ ግን እየቆየ ይረግባል፣ መልሶ የሚወጥረው ነገር የለም።

የተረፈውን ጠፍር ጠቅልላችሁ ጭስ በሚደርስበት ቦታ ስቀሉት፤ ነቀዝ አይደርስበትም። አንድ ጠፍር ሲበጠስ ከተረፈው የሚበቃውን ያህል ቁረጡና ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ አሳድሩት። የተበጠሰውን ከሁለት ቀዳዳ ወዲያና ወዲህ ቆርጣችሁ አውጡ፣ አዲሱን በስንጥቅ ከአሮጌው ጋር አያይዙ፣ የላይና የሥሩን ተራ ጠብቃችሁ አሾልኩት፣ በሽብልቅ ያዙት። ለሦስት ቀን ሰው ሌላ ቦታ ይተኛ።